ሕመምተኛው ይወቅ ወይስ አይወቅ?

በአገራችን አንድ ሰው ለሞት የሚያሰጋ ደዌ ሲይዘው ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሐኪሙ የደረሰበትን ለታላቁ ልጅ ወይም ለወንድም ይነግራል፤ ልጁ ለእናቱ፣ እናትየው ለእኅቷ፣ እኅቲቱም ለጎረቤት ታካፍላለች፤ ጥቂት ቀን ሳያልፍ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። አንድ ሰው ብቻ አያውቅም፤ እርሱም የታመመው ነው። ወሬው አገሩን ሁሉ ዞሮ ከእርሱ ደጃፍ ሲደርስ ይመለሳል። ወደ እርሱ የሚገባውም ሰው ከበሩ ላይ እንባውን ጠርጎ፣ ፊቱን አስተካክሎ፣ «ዛሬስ ደኅና ሆነሃል፤ መልክህም ተመልሷል» እያለ ይገባል።

ይህን የምናደርገው ከክፋት የተነሣ አይደለም። ከክፋት ቢሆንማ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ክፉውን ገሥጾ ማለፍ ይበቃልና። የምናደርገው ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ጥያቄውም የሚከብደው ስለዚህ ነው። በፍቅር ምክንያት እውነቱን ከሰው መሰወር ምሕረት ነውን? ወይስ ንጥቂያ? የሰውን ገንዘብ ሳያውቅ ብንወስድበት ሌቦች እንባላለን፤ የገዛ ሕመሙን፣ ከገንዘቡ ሁሉ ይልቅ የእርሱ የሆነውን፣ ወስደን በጉያችን ስንሸሽገው ግን አዛኞች እንባላለን።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ያነሣሁት ከመጻሕፍት ተነሥቼ ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት መጨረሻ በድንገተኛ ሕመም ምክንያት ሦስት ሌሊት በሆስፒታል ተኝቼ ነበርና፣ ነገሩን ከአልጋ ላይ ሆኜ ለመመልከት ጊዜ አገኘሁ።

የራሴ ደዌ ታሪኩ አጭር ነው። ማታ በእንብርቴ ዙሪያ ቁርጠት ጀመረኝ፤ እንደ ልማዳችንም አንዱ ብርድ ነው፣ ሌላው ምች ነው አለ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ቀረበልኝ። ሲነጋ ግን ሕመሙ ከእንብርቴ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ጎኔ ወደ ታች ወረደና በዚያ እንደ ችንካር ተተከለ፤ ትውከትና ትኩሳት ተከተለው። ተማሪዎቼ ደግፈው ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ልጄ የምትሆን አንዲት ሐኪም ሆዴን በጣቶቿ ቀስ ብላ ተጫነችና ድንገት ለቀቀችው፤ ስትጫነኝ ከተሰማኝ ይልቅ ስትለቀኝ የተሰማኝ ሥቃይ በለጠ። እርሷም ወንበር ስባ ከአጠገቤ ተቀመጠችና፣ «አባቴ፣ ትርፍ አንጀትዎ ተቆጥቷል። ዛሬውኑ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት። ከፈነዳ መግሉ በሆድዎ ውስጥ ይሰራጭና ነገሩ ይከብዳል» አለችኝ። የሚያደነዝዘው መድኃኒት እንዴት እንደሚሰጥ፣ ቢላዋው በየት በኩል እንደሚገባ፣ አልፎ አልፎ የሚደርሰውም አደጋ ምን እንደ ሆነ ነገረችኝና የምፈርምበት ወረቀት አቀረበችልኝ። ፈረምሁ። በማግሥቱ ስነቃ ትርፍ አንጀቴ ከእኔ ተለይቶ ነበረ።

እንግዲህ ልብ ብለህ ተመልከት። ለእኔ የተደበቀ ምንም ነገር አልነበረም። ስለ ምን? ሕመሜ የሚድን ስለ ነበረ ነው። በክፍሉ ካሉት ስድስት አልጋዎች አንድ ክንዱን የተሰበረ ወጣትና አንድ እበጥ የወጣለት ነጋዴም ነበሩ፤ ለእነርሱም ሁሉ ነገር በግልጥ ተነገራቸው። እውነት ብዙ በማትከብድበት ስፍራ እንደ ልቧ ትገባለች፤ አብዝታ በምታስፈልግበት ስፍራ ግን በር ይዘጋባታል። ትርፍ አንጀቱ የተቆጣ ሰው ስሙን ቢያውቀውም ባያውቀውም የሚያደርገው አንድ ነው፤ ይተኛል፣ ይቀደዳል፣ ይድናል። ሊሞት የተቃረበ ሰው ግን ማወቁና አለማወቁ የቀሩትን ቀኖቹን ሁሉ ይለውጣል።

ከእኔ ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል የተኙት ሰው ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ የመንዝ ገበሬ ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ሌሊትና ቀን ተራ ገብተው ያስታምሟቸዋል። ታላቁ ልጅ እኔ ደህና መናገር በጀመርሁ ቀን ራሴን ዝቅ አድርጌ እንድሰማው ለመነኝና ቀስ ብሎ በጆሮዬ ተናገረ። «መሪጌታ፣ አባቴ ከእርስዎ ጋር መጨዋወት ወደዋል፤ ስለዚህ አደራ የምለው አለኝ። ሐኪሞቹ ሆዳቸውን ከፍተው አዩና መልሰው ሰፉት። ነቀርሳው ከጨጓራ አልፎ ወደ ጉበት ወጥቷል። እኛ ግን የጨጓራ ቁስል ነው፣ ወጥቶ ተጣለ ብለናቸዋል። ቢሰሙ እህል አይቀምሱም። ከዚህ ስንወጣ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ልንወስዳቸው ነው፤ ለዚያውም ጥማድ በሬውን ሊሸጥ ወንድሜ ነገ ወደ አገር ይሄዳል። ይህንም አያውቁም።»

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ቀድሞ ሰው በገዛ ቤቱ ሲታመም ነገሩን ከእርሱ መሰወር እንዲህ አይቀልም ነበር። ከመደቡ ላይ ተኝቶ የቤቱን ድምፅ ሁሉ ይሰማል፤ የሚስቱን ሹክሹክታ፣ የልጆቹን ዝምታ፣ ከደጅ የቆመውን የዘመድ በቅሎ ኮቴ እየለየ ነገሩን ይደርስበታል። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ጦርነት በኋላ የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኛውን ማከም ከጀመሩ ወዲህ፣ ሐኪም ቤትና ሆስፒታል በአገራችን እየበዛ ሄደ። በረከቱን የሚክድ የለም፤ እኔም ዛሬ ብዕር የያዝሁት በእርሱ ነው። ዳሩ ግን ከበረከቱ ጋራ አንድ መጋረጃ አብሮ ገባ። የሕመምተኛው ወረቀት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሐኪሞቹ በጧት ዙር ሲመጡ በአልጋው ግርጌ ቆመው የሚነጋገሩት ሕመምተኛው በማይሰማው ቋንቋ ነው። በሰው ፊት ቆሞ ስለዚያ ሰው ነፍስ እርሱ በማይሰማው ቋንቋ መነጋገር ለሰሚው የሚያስፈራ ነው፤ ነገር ግን እኛም የቤተ ክህነት ሰዎች ሕዝቡ በማይሰማው በግእዝ ስለ ነፍሱ ስንነጋገር ብዙ ዘመን ኖረናልና፣ ድንጋዩን በሐኪሞቹ ላይ ለመወርወር አልቸኩልም።

በሁለተኛው ሌሊት መብራቱ ተቀንሶ፣ አስታማሚዎቹም ከየአልጋው ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ባንቀላፉ ጊዜ፣ ሽማግሌው «መሪጌታ፣ ተኝተዋል?» አሉኝ።

«አልተኛሁም አባቴ፤ ስፌቱ አያስተኛም» አልኋቸው።

«እርስዎ ፊደል የቆጠሩ ሰው ነዎት። ከእግሬ በኩል የተሰቀለውን ወረቀት እስኪ ያንብቡልኝ።»

«እኔ የተማርሁት ግእዝና አማርኛ ነው፤ ያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ወረቀቱ ይቅር፤ የልጆቼን ፊት ያንብቡልኝ» አሉ። «የጨጓራ ቁስል ነው ይሉኛል፤ ወጥቶ ተጣለ ይሉኛል። ወጥቶ ከተጣለ ታናሹ ልጄ ሲያጎርሰኝ ፊቱን ስለ ምን ያዞራል?»

እኔም፣ «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ብዬ መልሼ ጠየቅኋቸው።

«እኔማ አውቄዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከብት ጠብቄአለሁ፤ ወድቆ የሚነሣውና ወድቆ የማይነሣው በሬ በዐይኑ ይለያል። እነርሱ እንዳልሰማ ይደብቁኛል፤ እኔም ማወቄን እንዳያውቁ እደብቃቸዋለሁ። ልጆቼ ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው እኔ ብቻዬን ነኝ። ከአንድ ወዳጄ ያለ ምስክር የተበደርሁት እህል አለ። ከወንድሜ ጋራ በድንበር ተቀያይመን ከተዘጋጋን ዐሥር ዓመት አልፎናል። ይህን ለማን ልናገር? ለልጄ ስጀምርለት ‹ደኅና ነዎት እኮ አባባ፣ ምን ያናዝዝዎታል› ብሎ አፌን ያስይዘኛል።»

«እኔ ልናገርልዎት?» አልኋቸው።

«የለም። ከእርስዎ መስማት አልፈልግም፤ ከእነርሱ ነው መስማት የምፈልገው» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ከምሰማው ክርክር ሁሉ ይልቅ ይህ ንግግር ከብዶ ይታየኛል። መደበቅን የሚደግፉ ሰዎች አንድ ነገር ተቀብለው ይነሣሉና፤ ይኸውም ካልነገሩት አያውቅም የሚለው ነው። ይህ ግን ከብዙ ሰው ላይ አይሠራም። ሥጋ ለባለቤቱ ይናገራል። መደበቅ የሚከለክለው ማወቅን አይደለም፤ መነጋገርን ነው። ሕመምተኛው የሚያውቀውን እንዳያወጣ፣ ቤተ ዘመዱም የሚያውቀውን እንዳያወጣ፣ ሁለቱም ወገን በአንድ አልጋ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ እህል ዋጋና ስለ ዝናም ይጫወታሉ።

እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች መሰወርን አንንቅም። ወርቁን በሰሙ ውስጥ እንሰውራለን። ነገር ግን ባለቅኔ ወርቁን የሚሰውረው ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘው ነው፤ ማንም ያላገኘው ቅኔ እንዳልተቀኘ ይቆጠራል። በሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ያለው ስውር ግን እንዳይገኝ ተብሎ የተቀበረ ነው፤ ፈልጎ ያገኘውም ሰው እንዳላገኘ እንዲሆን ይገደዳል።

ስለ መደበቅ የሚቀርበውንም ምክንያት በሚገባ ልስማው። የመጀመሪያው ተስፋ ነው። ተስፋ የሌለው ሕመምተኛ መድኃኒት አይሠራለትም፤ ነገሩን ከሰማ በኋላ ምግብ ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ቶሎ ያለፈ ሰው አለ ይላሉ። አለ፤ አልክድም። ሁለተኛው፣ ሐኪምም ሰው ነውና ሊሳሳት ይችላል የሚል ነው፤ ጥቂት ወር ብቻ ቀርቶታል የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሲኖር ታይቷል። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ምክንያት፣ ሐኪሙ ቀን ቆጥሮ እንዳይናገር ያስተምራል እንጂ ዝም በል አይልም። ሐኪሙ የማያውቀውን አላውቅም ቢል እውነት ተናግሯል፤ ያየውን አላየሁም ሲል ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ተስፋውም ቢሆን፣ ሕመምተኛው ተስፋ የሚያደርገው እድናለሁ ብሎ ብቻ ነውን? ከወንድሙ ጋራ ሊታረቅ ተስፋ ያደርጋል፤ በገዛ ቤቱ ጣራ ሥር ሊያርፍ፣ ሥቃዩ ሊቀልለት፣ የልጅ ልጁ ክርስትና ስትነሣ ሊያይ ተስፋ ያደርጋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙው ሊፈጸም የሚችል ነው፤ እርሱ ግን ጊዜው አጭር መሆኑን ካላወቀ አንዱንም አይጀምርም። ስለዚህ የማይሆነውን አንድ ተስፋ ለመጠበቅ ብለን የሚሆኑትን ሁሉ እንዘጋበታለን።

መደበቅ የእኛ አገር ልማድ ብቻ እንዳይመስልህ። በግሪኩ በሂፖክራጥስ ስም ከሚጠሩት ጥንታውያን ጽሑፎች በአንደኛው፣ ሐኪሙ ብዙውን ነገር ከሕመምተኛው እንዲሰውር፣ ወደ ፊት የሚመጣበትንም እንዳይገልጥለት ይመከራል። በአሜሪካ ቺካጎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ሐኪሞች ስለዚሁ ሲጠየቁ፣ ከመቶ 90 የሚሆኑት ነቀርሳ የያዘውን ሰው ነቀርሳ ይዞሃል ባንለው እንመርጣለን ብለው ነበር። በ1979 ደግሞ በዚያው አገር ያንኑ ጥያቄ የተጠየቁ ሐኪሞች ከመቶ 97ቱ መናገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ መገለባበጥ ሲሆን አይቶ ሰው የትኛውንም ወገን «የሥልጣኔ መንገድ ይህ ነው» ብሎ ለመከተል መቸኮል የለበትም። በአንድ ትውልድ ዘመን ያዋቂ ልማድ የነበረው በሚቀጥለው ነውር ሆኗልና።

የአሁኑም የፈረንጅ ልማድ ቢሆን በሁሉ ረገድ አያስቀናም። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ወገኖቻችንን ስለ ማከም በ1992 በዚያው አገር በሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ሐኪሞቹ ክፉውን ወሬ በቀጥታ ለሕመምተኛው ሲነግሩ ኢትዮጵያውያኑ እንዴት እንደሚያዝኑ ይገልጣል። የእኛ ሰዎች ይሹ የነበረው ነገሩ አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ተነግሮ፣ ዘመድ ደግሞ በደንቡና በሰዓቱ ለሕመምተኛው እንዲያደርስ ነው፤ ማታም እንዳይነገረው ነው። ይህን ሳነብ የኛ ሰዎች እውነት ጠሉ አላልሁም። የጠሉት አነጋገሩን ነው።

እኛ ክፉ ወሬ የምንነግርበት ደንብ ያለን ሕዝቦች ነን፤ እርሱም መርዶ ነው። ልጁ በሩቅ አገር የሞተበትን ሰው መንገድ ላይ አግኝተን ልጅህ ሞተ አንለውም፤ ሌሊትም አንቀሰቅሰውም። ዘመድ በስውር ይሰበሰባል፤ ማን ይናገር ተብሎ ይመከራል፤ ሽማግሌዎች ማለዳ ከቤት ሳይወጣ ይደርሱበታል፤ ራሱን እንዳይጥል ብርቱ ሰዎች ከግራና ከቀኝ ይቆማሉ። ነገሩ ከተሰማ በኋላም ማንም ትቶት አይሄድም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ማዘግየት ነው፤ ቀንና ሰዓት፣ ተናጋሪና ደጋፊ ይመረጣል። ሁለተኛው ግን መርዶ ሳይነገር አይቀርም። እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የልጁን ሞት እንሰውርበት የሚል ዘመድ ቢኖር አገር ያወግዘዋል። ታዲያ የልጁን ሞት በደንብ የምንነግረው ሰው የራሱ ሞት ሲሆን ስለ ምን ደንቡ ይፈርሳል? ማዘግየቱን ይዘን መናገሩን ለምን ተውነው?

ቃላቱም ራሳቸው ይመሰክሩብናል። ወደ ታመመ ሰው መሄድን በአማርኛ መጠየቅ እንለዋለን፤ ጠያቂ በዛለት፣ ጠያቂ አጣ እንላለን። በቅኔ ቤት ሕብር የምንለው አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲይዝ ነው፤ ይህም ቃል ሕብር ነው። በግእዝማ ጠየቀ ማለት ተመለከተ፣ መረመረ፣ አረጋገጠ ማለት ነው፤ ጥዩቅ ማለትም እርግጠኛ የሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ብርቱካንና አጥሚት ይዞ መጥቶ አንዳች ሳይጠይቅ የሚሄድ ጠያቂ በስሙ ብቻ ጠያቂ ነው። በእኔ አልጋ ዙሪያ እንኳ ብዙ ሰው ቆሞ ነበረ፤ «ምን ያስፈራሃል?» ያለኝ አንዲት አሮጊት ብቻ ነች።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ኑዛዜ የምንለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ ኃጢአትን ለንስሐ አባት መናገርና ስለ ንብረት የመጨረሻውን ቃል መስጠት። በግእዝ ግን ናዘዘ ማለት አጽናና ማለት ነው፤ ናዛዚ አጽናኝ፣ ኑዛዜም መጽናናት ነው። የቀደሙት ሰዎች ይህን ቃል ወደዚህ ሥራ ሲያመጡት ያዩት ነገር ነበረ። ሊሞት የቀረበ ሰው የሚጽናናው ሸክሙን ሲያራግፍ፣ የሰውን ለሰው ሲመልስ፣ ያለውን ሲያካፍል ነው። እኛ ግን እናጽናናው ብለን ኑዛዜን እናስቀርበታለን። ያ የመንዝ ሽማግሌ «ምን ያናዝዝዎታል» ሲባሉ የተከለከሉት የትኛው ነው? በአማርኛው ኑዛዜ፣ በግእዙ መጽናናት ነው።

የአገራችንም ሕግ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል የሚደረግን ኑዛዜ ሲፈቅድ፣ ሞቱ መቅረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ነው ይላል። ሕጉ ሲጻፍ ሞቱ መቅረቡ የሚሰማው ሰው አለ ተብሎ ታስቧል፤ ከልጆቹ ተማክረው ያ እንዳይሰማው የሚያደርጉት ሰው ግን ይህ መብት በወረቀት ብቻ ይቀርለታል። የንስሐ አባትም የሚጠራው ብዙ ጊዜ አንደበቱ ከታሰረ በኋላ ነው፤ «አሁን ቄስ ብናመጣ ይጠረጥራል» ይባላልና።

ስለ ንጉሡ ስለ ሕዝቅያስ የተጻፈውን የማያውቅ አንባቢ የለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ወደ ታመመው ንጉሥ ገብቶ ቤቱን እንዲያስተካክል፣ እንደሚሞትም በግልጥ ነገረው። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ ጸለየም። ነቢዩ ከመካከለኛው አደባባይ ሳይወጣ መልሱ መጣና ዐሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት፤ የበለስ ጥፍጥፍም በእባጩ ላይ ተደረገለት። ሰዎች ይህን ታሪክ የሚያነሡት ስለ ጸሎት ኃይል ለመናገር ነው፤ እኔ ግን በአልጋዬ ላይ ሳስበው ሌላ ነገር አየሁበት። ፊትን ወደ ግድግዳ መመለስ የሚፈሩት ነገር ነው፤ ለዚያ ንጉሥ ግን የተስፋ መቍረጥ ሳይሆን የጸሎት ስፍራ ሆነለት። ዙሪያውን የቆሙት አሽከሮች «ደኅና ነህ ንጉሥ ሆይ» እያሉት ቢሆን ኖሮ በምን ያለቅስ፣ ስለ ምንስ ይለምን ነበር? ደግሞም መድኃኒቱ አልቀረም፤ እውነቱም በለሱም በአንድ አልጋ ላይ ተገናኙ።

አሁን ወደ በሬዎቹ ልመለስ፤ የነገሩ ሥር በዚያ ነውና። የታመመው ሆድ የሽማግሌው ነው። የሚሸጠው ጥማድ በሬም የሽማግሌው ነው፤ ጥጃ ሳሉ አሳድገው፣ ለእርሻ አሠልጥነው ያደረሷቸው እርሳቸው ናቸው። የማያድን መድኃኒት ለመግዛት በሬ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለው ፍርድ ግን የልጁ ሆነ። ልጁን ብጠይቀው «ቢያውቁ በሬው አይሸጥም ይላሉ» አለኝ። እንግዲህ አባቱ ምን እንደሚፈርዱ ያውቃል ማለት ነው፤ የደበቀባቸውም ይህን ፍርድ እንዳይፈርዱ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። በሬውን ሳይሸጥ አባቱ ቢሞቱ «ለአባቱ ሲል በሬ እንኳ አልሸጠም» የሚለውን የአገር ሰው ይፈራል፤ ከአገር ሰውም በላይ የራሱን ልብ ይፈራል። በዚህ ፍርሃቱ አዝንለታለሁ። ነገር ግን የሚጠበቀው የማን ልብ እንደ ሆነ እንወቅ። የአባትየውን ልብ እየጠበቅሁ ነው የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የራሱን ነው፤ አባቱን ፊት ለፊት አይቶ ያንን ቃል መናገር ከበሬ ዋጋ ይልቅ ይከብዳልና።

በዚህ ላይ መጠን ያስፈልጋል። ማወቅ የማይሻም ሰው አለ። «ለልጄ ንገሩት፤ እኔን ተዉኝ» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ጉዳዩን ለሌላ የሚያስረክብ አለ፤ ይህም የእርሱ መብት ነውና በግድ ጆሮውን ከፍተን እናፍስበት አልልም። በዚህና በተሰወረበት ሰው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ አንዱ ሰጥቷል፣ ሌላው ተወስዶበታል። የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀውም በመጠየቅ ነው። የዚያች ወጣት ሐኪም አሠራር እዚህ ላይ ደስ ያሰኘኛል፤ ከመናገሯ በፊት «ሁሉን እንድነግርዎ ይፈልጋሉ? ወይስ አብሮዎት ለመጣው ሰው ልንገረው?» ብላኝ ነበር። ይህን ጥያቄ ለትርፍ አንጀት ሕመምተኛ ማቅረብ የተቻለ ለነቀርሳ ሕመምተኛ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ወንበር መሳብና መቀመጥም ዋጋ አለው፤ ቆሞ የተናገረ ሰው ወሬውን ጥሎ ሊሄድ እንደ ተዘጋጀ ያስታውቃል።

ስለ ሕፃናት ግን ሌላ ነገር ነውና ወደ ፊት ጊዜ ቢገኝ ለብቻው ይጻፍበት ይሆናል።

ከሆስፒታል በወጣሁበት ቀን ታላቁ ልጅ ዕቃዬን ይዞ እስከ ደረጃው ሸኘኝ። ታናሹ ወደ አገር ለመሄድ ተነሥቶ ገና መኪና አልተሳፈረም ነበር። እኔም፣ «አባትህ ያውቃሉ» አልሁት። ደንግጦ፣ «ነገሩዎት እንዴ?» አለኝ። «እኔ አልነገርኋቸውም፤ እርሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ከእኔ ሳይሆን ካንተ አፍ ለመስማት ይጠብቃሉ። ወንድምህን ከመሄዱ በፊት መልሰው፤ ሁለታችሁም ሁኑ። አሁን ማለዳ ነው፤ ቁርሳቸውንም በልተዋል፤ ሰዓቱ ደኅና ነው» አልሁት።

ከግድግዳው ተደግፎ ብዙ ቆየና፣ «መሪጌታ፣ እሺ፤ ግን ከየት ልጀምር?» አለኝ።

«ከበሬው ጀምር» አልሁት።